ሳቁ ከሐሳቡ ይቅደም፦ በሦስት ስኒ ቡና አዲስ ሐሳብ የሚወጣበት ስብሰባ

በጎጃም የመሥሪያ ቤት ስብሰባ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው አዳራሽ ውስጥ ይደረጋል፤ አጀንዳ አለው፣ ቃለ ጉባኤ አለው፣ ተሰብሳቢው አንገቱን ደፍቶ ደብተሩ ጠርዝ ላይ አበባ ይሥላል። ሁለተኛው ከዚያ እንደተወጣ፣ ጀበና ቡና የምታፈላዋ ሴት ዘንድ፣ በርጩማ ላይ ነው። "እኔማ እንዲህ ቢሆን ልል ነበር" የሚባለው እዚያ ነው፤ የሚሳቀውም እዚያ ነው። ሁለቱ ነገሮች አንድ ቦታ መገኘታቸው በአጋጣሚ አይደለም።

ይህ መመሪያ የበርጩማውን ጨዋታ ለሥራ ማዋል ለሚፈልግ የቡድን መሪ የተዘጋጀ ነው። ደብረ ማርቆስ ላይ ልብስ ስፌት ቤት ያላት፣ ቢቸና የኅብረት ሥራ ማኅበር የሚመራ፣ ፍኖተ ሰላም ወይም ዳንግላ ጽሕፈት ቤት ውስጥ ጥቂት ሰዎችን የሚያሠራ ሁሉ ሊሞክረው ይችላል። የሚፈልገው አንድ ሰዓት፣ ሦስት ወረቀትና አንድ ጀበና ነው። ከሁሉ አስቀድሞ መያዝ ያለበት ግን አንድ ነገር ነው፤ ሳቁ ከሐሳቡ በፊት ይምጣ፣ በሐሳቡ ላይ ግን አይምጣ። ከዚህ በታች ያለው ዝርዝር በሙሉ ይህን ቅደም ተከተል ለመጠበቅ ነው።

ሳቅ ምን ይሠራል?

ቀልድ የሚያስቀው ጆሮ አንዱን ትርጉም ይዞ ሲሄድ ሌላው ከጎን ብቅ ስለሚልበት ነው። ሰምና ወርቅ ለለመደ ሰው ይህ አዲስ ነገር አይሆንም። "አባይ ዞሮ ዞሮ መሄዱ አይቀርም" ቢባል ሰሙ ጎጃምን ከብቦ ወደ ሱዳን የሚወርደው ወንዝ ነው፤ ወርቁ ደግሞ ነገር እያዞረ ቆይቶ በመጨረሻ የሚሰናበተው ውሸታም። ሰሚው ወንዙን ይዞ ይሄድና ውሸታሙ ላይ ሲደርስ ይስቃል። አስቸጋሪ የሥራ ጉዳይ የሚፈታውም በዚሁ መንገድ ነው፤ ነገሩን ከለመድነው ትርጉም ነጥቀን ሌላ ስንሰጠው።

ካርል ዱንከር የተባለው የሥነ ልቦና ተመራማሪ የተወልን የታወቀ ፈተና ይህን በግልጽ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1945 በእንግሊዝኛ የታተመ ነው። ጠረጴዛ ላይ ሻማ፣ ክብሪትና ትንንሽ ሚስማሮች የሞሉበት የወረቀት ሳጥን ይቀመጣል። ሥራው ሰሙ ወለል ላይ ሳይንጠባጠብ ሻማውን ግድግዳ ላይ ማብራት ነው። ብዙ ሰው ሻማውን በሚስማር ሊቸነክር ይሞክራል፤ ወይም ሰሙን አቅልጦ ሊያጣብቅ። መልሱ ሳጥኑን ባዶ አድርጎ ግድግዳው ላይ መቸንከርና ሻማውን በላዩ ማቆም ነው። ሰዉ የሚቸገረው ሳጥኑ "የሚስማር ዕቃ" ሆኖ ስለሚታየው ነው፤ መደርደሪያ መሆን እንደሚችል አይታየውም።

አሊስ አይሰንና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1987 ባሳተሙት ጥናት ይህንኑ ፈተና ለተማሪዎች ሰጡ። ከፈተናው በፊት ጥቂት ደቂቃ አስቂኝ ፊልም ካዩት መካከል 75 በመቶ ያህሉ ፈቱት። በዚያው ፋንታ ስለ ሂሳብ የሚያወራ ፊልም ካዩት የፈቱት ግን 20 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። ፊልሙ ስለ ሻማ ምንም አላስተማራቸውም፤ ያላላው አእምሯቸውን ነው። ከአንድ ጥናት ተነሥቶ "የሳቀ ሁሉ ፈጣሪ ይሆናል" ማለት ግን ማጋነን ነው። ሳቅ በር ይከፍታል፤ በበሩ የሚገባውን ማዘጋጀት የመሪው ሥራ ነው።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ይጨመር። ሮበርት ፕሮቫይን ሳቅን በየአደባባዩ እየተከታተለ ያጠና ሰው ነው። በእሱ ግኝት ሰው ብቻውን ከሚስቀው ይልቅ ከሌሎች ጋር ሆኖ 30 እጥፍ ያህል ይስቃል፤ ከሳቅ በፊት የሚነገረውም አብዛኛው ቀልድ እንኳ አይደለም፤ ተራ ወሬ ነው። እንግዲህ በቢሮው የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ጠዋት ጠዋት ቀልድ መለጠፍ ለዚህ ሥራ አይጠቅምም። ሰዎቹ ፊት ለፊት መቀመጥ አለባቸው። ቀልድ አዋቂም መቅጠር አያስፈልግም።

የትኛው ሳቅ?

አማርኛ ለዚህ ጉዳይ ብዙ ቃል አለው፤ ቃላቱን መለየት ግማሽ ሥራ ነው። ጨዋታ ሁሉንም ያቅፋል። ቀልድ ነገር ላይ ነው። ተረብ ሰው ላይ ነው፤ እኩዮች ሲሆኑና ተራ በተራ ሲሆን ይጣፍጣል፣ አለቃ ሠራተኛውን ሲተርብ ግን ስድብ ነው። ፌዝና ሽሙጥ ሰውን ያሳንሳሉ። "አብሮ መሳቅ" እና "መሳቂያ ማድረግ" የሚሉት ሁለት አባባሎች ልዩነቱን ከማንኛውም የሥልጠና ሰነድ በተሻለ ይገልጹታል። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሮድ ማርቲንና ባልደረቦቹም እ.ኤ.አ. በ2003 የቀልድን ጠባይ አራት ቦታ ከፍለውታል፤ ሰውን የሚያቀራርብ፣ ራስን የሚያጽናና፣ ሌላውን የሚያጠቃ፣ ራስን የሚያዋርድ። ለዚህ ስብሰባ የሚያስፈልገው የመጀመሪያው ነው። አራተኛው አደገኛ ነው፤ ራሱን እያዋረደ የሚያስቅ ሠራተኛ የሚወደድ ይመስላል፣ ሐሳቡ ግን ከቁም ነገር አይቆጠርለትም።

ስለዚህ ከመጀመሪያው መስመር ይሰመር፤ ሃይማኖት፣ ብሔር፣ የሰው መልክና አካል፣ ትዳር፣ የሞተ ሰው፣ የአነጋገር ዘዬ አይነኩም። የመጨረሻውን ብዙ ሰው ይዘነጋዋል። በየስልኩ ከሚዞሩት አስቂኝ ቪዲዮዎች ውስጥ የገጠር ሰው አነጋገርን የሚያሾፉ አሉ። ጽሕፈት ቤቱ ውስጥ ካሉት ግማሾቹ ከገጠር ቀበሌ የመጡ ናቸው፤ እነሱም ከሌላው ጋር ይስቃሉ፣ ከዚያ በኋላ ግን አፋቸውን አይከፍቱም።

ዝግጅት

የሰው ብዛት ከ5 እስከ 8 ይሁን። ከ5 ሲያንስ ሳቁ አይጋባም፤ ከ8 ሲበልጥ ወሬው ሁለት ቦታ ይከፈላል። 15 ሠራተኛ ካለ ሁለት ቡድን ያድርጉ።

ቀኑ ማክሰኞ ወይም ሐሙስ፣ ሰዓቱ ጠዋት ከሦስት ተኩል እስከ አራት ተኩል ይመረጣል። ሰኞ ሥራ የተከመረበት ቀን ነው። ረቡዕና ዓርብ ጾም ናቸው፤ ለጾመኛው የቡና ሽታ ፈተና ይሆንበታል። በዐቢይ ጾም ወይም በፍልሰታ ከሆነ ቡናውን ይተዉትና ዕረፍቶቹን በሰዓት ይለኩ። የከተማው የገበያ ቀንም አይመችም፤ ባለጉዳይ ይበዛል።

ዕቃው ይህ ነው፤ ሦስት ኤፎር ወረቀት፣ እያንዳንዱ ሦስት ጊዜ ታጥፎ 8 ቁራጭ እንዲወጣው። በጠቅላላ 24 ቁራጭ ይሆናል፤ ለስድስት ሰው አራት አራት ይደርሳል። ሁሉም እስክርቢቶ አንድ ቀለም ይሁን፤ አንዱ በቀይ ከጻፈ የማን እንደሆነ ወዲያው ይታወቃል። ጥያቄው ደግሞ ከአንድ ቀን በፊት ተጽፎ ይሰጥ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ። "አገልግሎታችንን እንዴት እናሻሽል?" ጥያቄ አይደለም፤ የስብሰባ መክፈቻ ነው። "ጠዋት የሚሰለፈው ባለጉዳይ ከስድስት ሰዓት በፊት ጨርሶ እንዲሄድ ምን እናድርግ?" ጥያቄ ነው።

አቦል፦ 15 ደቂቃ ሳቅ

ሰብሳቢው ንግግር አያድርግ። በቅርቡ የፈጸመውን አንድ ትንሽ የሥራ ስሕተት ይናገር፤ ደብዳቤ ለሌላ ክፍል መላኩን፣ የስብሰባ ቀን ተሳስቶ ብቻውን አዳራሽ መገኘቱን። አንድ ደቂቃ ይበቃል። በጎጃም ታናሽ በታላቁ ፊት እንደልቡ አይስቅም፤ ሴቶች ደግሞ አፋቸውን በነጠላ ይሸፍናሉ። አለቃው በራሱ ሲስቅ ነው ሌላው ፈቃድ የሚያገኘው። ስሕተቱ እውነተኛና ቀላል ይሁን፤ የበጀት ጉድለት ያመጣ ስሕተት ማንንም አያስቅም።

ቀጥሎ ከሚከተሉት አንዱን ብቻ ይምረጡ።

እንቆቅልሽ። ከሁሉ ቀላሉ ነው፤ ሥልጠና የማይጠይቀውም እሱ ነው። "እንቆቅልህ?" "ምን አውቅልህ?" ብለው ይጀምሩና እንቆቅልሹ ስለ ራሳችሁ ሥራ ይሁን። "በየቀኑ ይሰለፋል፣ ወታደር ግን አይደለም" (ባለጉዳይ)። "ሁሉም ይፈልገዋል፣ ሲገኝ ግን አይታተምበትም" (ቀለም ያለቀበት ማተሚያ)። መልስ ያጣ እንደ ልማዱ አገር ይስጥ። የሚሰጠው አገር ግን የክፍሎቹ ስም ይሁን፤ "ግዥ ክፍልን ሰጠሁህ" ሲባልና ተቀባዩ "ግዥ ክፍል ገብቼ ምን አጥቼ" ብሎ ሲጀምር የሚመጣውን መገመት አያዳግትም።

ሦስት ቃል፣ አንድ መልስ። ሦስት ቃል ይባልና ሦስቱን የሚያገናኝ አራተኛ ይፈለጋል። "ወፍጮ፣ ሻይ፣ ትምህርት" ሲባል መልሱ "ቤት" ነው፤ ይህ ማሟሟቂያ ነው። "ኳስ፣ ብረት፣ መንገድ" ሲባል "እግር"። "ወለድ፣ ሙሉ፣ ቅን" ሲባል "ልብ"። የተሳሳቱት መልሶች ከትክክለኛው ይልቅ ያስቃሉ፤ እነሱን አያርሙ። አምስት ጥያቄ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ፈተና ይሆናል።

አስቂኝ ቪዲዮ። ርዝመቱ 5 ደቂቃ፣ ቀድሞ የወረደ፣ ሁሉም በአንድ ስክሪን የሚያየው። ኔትወርክ ላይ መተማመን ይህን ክፍል ይገድለዋል፤ እየዞረ የሚጠብቀውን ክብ አይቶ የሚስቅ የለም። እንስሳት ወይም የኳስ ሜዳ ስሕተቶች ከሰው ቀልድ ይልቅ አያስቀይሙም።

15 ደቂቃ ሲሞላ ይቁም፣ ሳቁ የጣፈጠ ቢሆንም። ከዚያ ካለፈ ወሬ ይሆናል፤ ወሬ ደግሞ ዞሮ ወደ ደመወዝና ወደ ቤት ኪራይ ይሄዳል።

ቶና፦ ዝምታ

ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ነው። ሳቁ ሞቅ እንዳለ "በሉ እንግዲህ ሐሳብ አምጡ!" ይላሉ። ያኔ ሦስት ተናጋሪ ይናገራል፤ አራት ዝምተኛ ደግሞ የራሱን ሐሳብ ረስቶ የእነሱን ያዳምጣል። ሚካኤል ዲልና ቮልፍጋንግ ሽትሮበ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1987 ምክንያቱን አሳይተዋል፤ ተራ መጠበቅ ሐሳብን ያግዳል። በቡድን ሆነው ሐሳብ ከሚያወጡ ሰዎች ይልቅ ያው ብዛት ያላቸው ሰዎች ለየብቻ አስበው ቢደመር የበለጠ ይወጣል።

የዋሸራና የጎንጅ ቅኔ ቤቶች ይህን ከጥንት ያውቁታል። ተማሪው ቅኔ ሲቆጥር (አዲስ ቅኔ ሲያወጣ) ከጓደኛው ተለይቶ ዛፍ ሥር ወይም ጫካ ይገባል፤ ወደ መምህሩና ወደ ጉባኤው የሚመጣው ከቆጠረ በኋላ ነው። መለየትና መሰብሰብ ተራ አላቸው።

እንግዲህ የአቦል ስኒ ሲሰበሰብና ጀበናው ላይ ውሃ ሲጨመር ዝምታው ይጀመር። ጀበናው እስኪፈላ ያለው ጊዜ፣ ከ8 እስከ 10 ደቂቃ፣ ጥሩ ሰዓት ነው። እያንዳንዱ በአንድ ቁራጭ ላይ አንድ ሐሳብ ብቻ ይጽፋል፤ ስም አይጻፍም። አራቱም ቁራጭ መሞላት አለበት። የመጀመሪያው ሐሳብ ሁሉም የሚያውቀው ነው፤ ሁለተኛው ባለፈው ዓመት የተባለው ነው፤ ብልጭታው ሦስተኛውና አራተኛው ላይ ነው፣ ሰው ሲያልቅበት። አለቃውም ይጽፋል፤ የእሱ ወረቀት ከሌሎቹ ጋር ይደባለቃል። ማንበብና መጻፍ የሚከብደው የጥበቃ ወይም የጽዳት ሠራተኛ ካለ (መገኘት አለበት፤ ወረፋውን ከማንም በላይ የሚያየው ዘበኛው ነው) ለሚያምነው ሰው በጆሮው ይንገርና ይጻፍለት።

ጥያቄው ሲከብድ ይገልብጡት። ይህ ዘዴ በእኛ ግምት ከሁሉ የበለጠ ፍሬ ያለው ነው። "ባለጉዳይ ተማሮ ሁለተኛ እንዳይመለስ ምን እናድርግ?" ብለው ይጠይቁ። የሚመጣው ይህን ይመስላል፦

"ቁልፉ ከአንድ ሰው ኪስ አይውጣ፤ እሱም ለቅሶ ይሂድ።"

"የጎደለውን ወረቀት አንድ በአንድ እንንገረው፤ ዛሬ ፎቶ ኮፒ፣ ነገ ጉርድ ፎቶ፣ ከነገ ወዲያ ማመልከቻ።"

"ነገ ና እንበለው፤ የትኛው ነገ እንደሆነ አንንገረው።"

"ከሩቅ ቀበሌ በሌሊት ተነሥቶ የመጣውን ከከተማው ሰው ኋላ እናሰልፈው።"

ሲነበብ ቤቱ በሳቅ ይፈርሳል፤ ምክንያቱም ግማሹ ዛሬም እየተሠራበት ነው። ከዚያ እያንዳንዱን ይገልብጡ። ሁለተኛ ቁልፍ ይቀረጽና ማን ዘንድ እንዳለ በር ላይ ይጻፍ። የሚያስፈልገው ወረቀት ዝርዝር ወረፋው ከሚጀምርበት ከውጭው በር ላይ በትልቁ ይለጠፍ፤ መስኮቱ ላይ ከሆነ ባለጉዳዩ የሚያነበው ሁለት ሰዓት ከተሰለፈ በኋላ ነው። "ነገ ና" በቁራጭ ወረቀት ይተካ፣ ቀን፣ ሰዓትና የሚያስተናግደው ሠራተኛ ስም ተጽፎበት። ከሩቅ ለመጡ የመጀመሪያው ሰዓት ይለይላቸው። ዘዴው የሚሠራው ነገርን ለበስ አድርጎ መናገር ስለሚፈቅድ ነው፤ "አለቃችን ቁልፍ ይዘው ይጠፋሉ" ማለት የማይደፍር ሰው ይህን በቀልድ ጽፎ ይገላገላል።

ንባቡ

ቁራጮቹ በአንድ ሰፌድ ወይም ባርኔጣ ይደባለቁና አንድ ሰው፣ ያልሆነ ድምፅ ሳያወጣና ሳያሾፍ፣ እንዳሉ ያንብባቸው። 15 ደቂቃ ይወስዳል። እዚህ ላይ ሳቅ ይመጣል፤ የሚለየውም እዚህ ነው። ሐሳቡን ይዞ ወደፊት የሚሄድ ሳቅ አለ፤ "ሃሃ፣ እንዲያውም ላዩ ላይ እንዲህ ቢጨመር!" የሚያሰኝ። ሐሳቡን የሚቀብርም አለ፤ "ኧረ ተዉኝ!" የሚያሰኝ። ሁለተኛው ሲሰማ ሰብሳቢው አይቆጣ፣ አይስበክም። "ቆይ አያ፣ ይቺ ውስጧ ምን አለ?" ብሎ ለሳቀው ሰው ራሱ ሥራ ይስጠው፤ የሚጠቅም አንድ ነገር እስኪያወጣባት ቀጣይዋ አትነበብም። ሁለት ጊዜ ከተደረገ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ሦስተኛ አያስፈልግም።

በረካ፦ ማጣራት

በዚህ ሰዓት ሳቁ ይውረድ። ደስታ አእምሮን እንደሚያሰፋ ሁሉ ጥንቃቄውን ሊያላላ ይችላል፤ ሂሳብ መዝጋት፣ መድኃኒት መመዘን፣ መኪናና ማሽን ማንቀሳቀስ፣ ውል ማንበብ በዚህ ስሜት አይሠሩም። ሰብሳቢው ተነሥቶ መስኮት ቢከፍት፣ ሰዎቹ ቦታ ቢቀያየሩ ስሜቱ በራሱ ይለወጣል።

ቁራጮቹን ሦስት ቦታ ይክፈሉ፤ በዚህ ሳምንት የሚሞከር፣ ገንዘብ ወይም ፈቃድ የሚፈልግ፣ እና ለሳቅ የቀረ። ከመጀመሪያው ክምር ሁለት ብቻ ይምረጡ። ለእያንዳንዱ ማን እንደሚሠራው፣ መቼ እንደሚጀመር፣ ስንት ብር እንደሚወጣበት፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ምን ታይቶ "ሠራ" እንደሚባል በአንድ መስመር ይጻፍ። አምስት የመረጠ ቡድን አንዱንም አይጨርስም።

የሚበላሽባቸው መንገዶች

ሳቁ ለአለቃው ከሆነ ይታወቃል፤ ሁሉም እኩል ይጀምራል፣ እኩል ያቆማል፣ ዓይን ሁሉ ወደ እሱ ነው። መድኃኒቱ አለቃው ስሕተቱን ከተናገረ በኋላ ወደ ዳር መቀመጡና ሰብሳቢነቱን ለሌላ መስጠቱ ነው።

የቢሮው ቀልደኛ መድረኩን ከያዘው ሌላው ተመልካች ይሆናል። አይከልክሉት፤ ያኮርፋል። ሰዓት መቆጣጠሩን ወይም ማንበቡን ይስጡት።

ሳቅ ጨርሶ እምቢ ካለ አያባብሉት። ወደ ዝምታው ይለፉ፤ ወረቀቱ ያለ ሳቅም ይሠራል፣ ምናልባት ጥቂት ያነሰ።

ከመካከላቸው ሐዘን ላይ ያለ፣ ጥቁር የለበሰ ወይም ቤተሰቡ የት እንዳለ የሚጨነቅ ሰው ካለ ቪዲዮውንና እንቆቅልሹን ይተዉ። "ትንሽ ተጫወት፣ ይቀልልሃል" አይባልም። ቡናው ይጠጣ፣ ጥያቄው ይጻፍ፤ ሳቁ ለሌላ ሳምንት ይቆይ።

ስብሰባው በየሳምንቱ ከተደረገም ይደበዝዛል። በወር አንዴ፣ ከዚያ ቢበዛ በ15 ቀን አንዴ ይሁን፤ መክፈቻውም በየጊዜው ይለወጥ፣ ሰብሳቢውም። አንድ ደብተር ይያዝና ስንት ሐሳብ እንደወጣ፣ ስንቱ እንደተሞከረ፣ ባለፈው ያልተናገረ ማን እንደተናገረ ይመዝገብ። "ለሳቅ የቀረ" የተባለው ክምር በፖስታ ታሽጎ ይቀመጥ፤ የሚቀጥለው ስብሰባ ሲጀመር መጀመሪያ የሚከፈተው እሱ ነው።